የአሜሪካ ፖሊሶች የካሳ ተጠያቂነትና የሕግ ከለላቸው

በአሜሪካ የግዛት ወይም የከተማ ፖሊስ ሕገ መንግሥታዊ መብቱን የጣሰበት ግለሰብ የካሳ ክስ የሚመሠርተው እ.ኤ.አ በ1871 በወጣ ሕግ መሠረት ነው። ለረጅም ዘመን እምብዛም ያልተሠራበት ይህ ሕግ ነፍስ የዘራው የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1961 ያለ ማዘዣ መኖሪያ ቤት ሰብረው የገቡ የቺካጎ ፖሊሶች በግል ሊከሰሱ እንደሚችሉ ከወሰነ በኋላ ነበር።

ይሁንና ፍርድ ቤቱ በ1982 ባስቀመጠው መመዘኛ መሠረት ከሳሹ መብቱ መጣሱን ብቻ ሳይሆን፣ ድርጊቱ ሕገወጥ መሆኑ አስቀድሞ በግልጽ የታወቀ እንደነበር ማሳየት ይጠበቅበታል። የከለላው ደጋፊዎች ፖሊሶች በክስ ስጋት ሥራቸውን ከመፈጸም እንዳያመነቱ ይረዳል ይላሉ። ተቺዎች በበኩላቸው ተመሳሳይ የቀድሞ ውሳኔ ያልተገኘለት በደል ያለ ካሳ እንደሚቀር ያስገነዝባሉ።

በተግባርም የሚፈረደውን ካሳ በአብዛኛው የሚከፍለው ፖሊሱ ሳይሆን ቀጣሪው አስተዳደር በመሆኑ፣ የጥፋቱ ዕዳ በመጨረሻ በግብር ከፋዩ ላይ ያርፋል።