ልጅ ነው፣ ምን ያውቃል?

ለቅሶ ቤት ውስጥ ሁሉም ሰው ሥራ አለው። ድንኳን የሚተክለው፣ ከእድር ዕቃ ቤት ወንበርና ብርጭቆ የሚያመጣው፣ ንፍሮ የምትቀቅለው፣ በር ላይ ቆሞ እንግዳ የሚቀበለው ሁሉ ማንም ሳያዘው ቦታውን ያውቃል። የሟቿ ታናሽ ወንድም ግን፣ ስድስት ወይም ሰባት ዓመት ከሆነው፣ ሥራው ከዓይን መጥፋት ነው። ጩኸቱ ሳይጀመር አንዷ ጎረቤት እጁን ይዛ ወደ ቤቷ ትወስደዋለች። ዳቦና ሻይ ይቀርብለታል፣ የልጆች ፊልም ይከፈትለታል፣ ከግድግዳው ማዶ የእናቱ ድምፅ ሲመጣ የቴሌቪዥኑ ድምፅ ከፍ ይደረጋል። ከሠልስት በኋላ ድንኳኑ ተነሥቶ ወደ ቤቱ ሲመለስ፣ ከእህቱ ጋር የሚተኛበት ፍራሽ የለም። ጫማዋ ከአልጋው ሥር ተነሥቷል፤ ፎቶዋም ከግድግዳው ወርዷል። የት ሄደች ሲል "ለሕክምና ውጭ አገር ሄዳለች" ይባላል፤ ወይም "ተኝታለች"፤ ወይም "እግዜር ወስዷታል"። ይህን የሚያደርጉት ክፉ ሰዎች አይደሉም። ሲጠየቁ የሚሰጡት ምክንያትም አንድ ነው፦ ልጅ ነው፣ ምን ያውቃል? እኔ የምሟገተው ከዚች አነጋገር ጋር ነው።

አነጋገሯ በመጀመሪያ ከራሷ ጋር አትስማማም። ያው "ምን ያውቃል" የተባለው ልጅ በሳምንቱ "እናትህ ፊት እንዳታለቅስ"፣ "ከእንግዲህ ያለሃት አንተ ነህ"፣ "በርታላት እንጂ፣ አንተ እኮ ወንድ ነህ" ይባላል። ለቅሶ ደራሹ ጉንጩን ስሞ "እማዬ እንዴት ናት? እህል ትቀምሳለች?" ብሎ ይጠይቀዋል። ሞት ምን እንደሆነ የማያውቅ ልጅ የሞትን ሐዘን እንዴት አድርጎ ይሸሽጋል? እንዴትስ አድርጎ እናቱን ያጽናናል? ሸክም ስናሸክመው ያውቃል፣ ጥያቄ ሲያመጣ አያውቅም። ነገሩ በልጁ ዕውቀት ላይ ቢንጠለጠል ኖሮ እንዲህ በየቀኑ አይገለባበጥም ነበር። ጥያቄውን መመለስ የከበደን እኛ ነን።

ልጅ ስለ ሞት ምን እንደሚያውቅ የጠየቁ ተመራማሪዎች አሉ። ማሪያ ናጊ የተባለች ሃንጋሪያዊት የሥነ ልቦና ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1948 ባሳተመችው ጥናት ከ3 እስከ 10 ዓመት የሆናቸውን 378 ልጆች ሐሳብ መርምራለች። ትንንሾቹ ሞትን የሚያዩት እንደ እንቅልፍ ወይም እንደ ጉዞ ነበር፤ የተኛ ይነቃል፣ የሄደ ይመለሳል። ከዚያ በኋላ የተሠሩ ጥናቶች ደግሞ አብዛኞቹ ልጆች ሞት መመለሻ እንደሌለው የሚረዱት ከአምስት እስከ ሰባት ዓመት ባለው ጊዜ እንደሆነ ያሳያሉ። እንግዲህ የእኛን ሁለት ማባበያዎች ልብ ይሏል። "ተኝታለች" እና "ሄዳለች" ሕፃኑ በራሱ ጊዜ የሚሳሳትባቸው ሁለቱ ቦታዎች ናቸው፤ ከስሕተቱ ሊወጣ ሲል እኛው መልሰን እናስገባዋለን። "ተኝታለች" የተባለው ልጅ ማታ መብራት ሲጠፋ አልተኛም ብሎ ቢያለቅስ አይፈረድበትም። "ሄዳለች" የተባለው ስልክ በጠራ ቁጥር ይሮጣል፤ ኋላም ሳትሰናበተኝ ብሎ ይቀየማታል። "ሲጫወት አይተነዋል፣ ረስቶታል" የሚሉም አሉ። ልጅ ግን እንደ ትልቅ ሰው ሐዘን ላይ ተቀምጦ አይውልም፤ ገባ ወጣ ይላል። አሥር ደቂቃ ያለቅስና ኳሱን ይዞ ይወጣል። ማታ ሆዴን አመመኝ ይላል፤ የተወው አልጋ ላይ መሽናትም ይመለስበታል። ሆዱን ያመመውን ልጅ ክሊኒክ ወስደን የወስፋት መድኃኒት አስጽፈን እንመለሳለን።

የዝምታው ጉዳት ግን በዚህ አያበቃም። በአማርኛ አፉን የፈታ ልጅ ገና ከጠዋቱ በሞት መማል ይለምዳል። ብይ ላይ ሲጭበረበር፣ እስክሪብቶ ጠፍቶ ሲጠየቅ፣ "እኔ አልወሰድኩም፣ እህቴ ትሙት!" ይላል። ሲጣሉ "ሙቺ!" ይላታል፤ እሷም ትመልስለታለች። ለአዋቂ ጆሮ እነዚህ ቃላት ክብደት የላቸውም። እስክሪብቶውን ወስዶ በእህቱ በሐሰት የማለ የሰባት ዓመት ልጅ ግን፣ እህቱ በሳምንቱ ብትሞት ምን ያስባል? በዚያ ዕድሜ ቃልና ምኞት ነገር የማድረግ ኃይል ያላቸው ይመስላል፤ እኛም የሐሰት መሐላ ይደርሳል እያልን ነው ያሳደግነው። እ.ኤ.አ. በ1964 አሜሪካዊው አልበርት ኬይንና ባልደረቦቹ ወንድም ወይም እህት ሞቶባቸው ለአእምሮ ሕክምና የመጡ ልጆችን መርምረው ግማሽ ያህሉ ላይ የጥፋተኝነት ስሜት አግኝተዋል። እነዚያ ቀድሞውኑ ተጎድተው የመጡ ስለሆኑ ቁጥሩን ለልጅ ሁሉ ማዋል አይገባም። የሐሳቡን አካሄድ ግን የእኛው መሐላ ያስረዳል። ይህን ሐሳብ ሊነቅልለት የሚችለው እህቱ በምን እንደሞተች በስሙ ጠርቶ የሚነግረው ሰው ነው፤ ሳንባ ምች ከሆነ ሳንባ ምች፣ መኪና ከሆነ መኪና። "እግዜር ወሰዳት" ይህን ሥራ አይሠራም። ከሃይማኖት ጋር ጠብ የለኝም፤ ወላጅ የሚያምነውን ለልጁ ማስተማሩ ያለ ነው። ምክንያቱ ሳይነገር ብቻውን የተጣለ ቃል ግን ለልጁ የቅጣት ዜና ሆኖ ሊሰማው ይችላል፤ ማን አጥፍቶ ነው የወሰዳት? ብሎ ይጠይቃል፣ መልሱንም ራሱ ያውቀዋል።

የተሸሸገ ሐዘን ልጁን ወደ ምትክነትም ይገፋዋል። ፒተር ፓንን የጻፈው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ባሪ ስድስት ዓመቱ ሳለ፣ እ.ኤ.አ. በ1867፣ ታላቅ ወንድሙ ዴቪድ በረዶ ላይ በደረሰበት አደጋ ሞተ። እናታቸው ከአልጋ ዋለች። ባሪ ኋላ ስለ እናቱ በጻፈው መጽሐፍ እንደሚተርከው፣ ትንሹ ልጅ የሟቹን ልብስ ለብሶ፣ ፉጨቱን በድብቅ ተለማምዶ፣ እጁን ኪሱ ከትቶ ፊቷ ቆመ። እኛ ዘንድ ልብስ መልበስ አያሻም፤ ምትኩ፣ ካሳሁን፣ ተካልኝ፣ ማስረሻ የሚል ስም አለን። ስሞቹን አልነቅፍም፤ የወላጅ ስብራት ያለባቸው ያማሩ ስሞች ናቸው። ነገር ግን "አይዞሽ፣ እግዜር ሌላ ይተካልሻል" ሲባል ጥግ ላይ ተቀምጦ የሚሰማው ልጅ ሒሳቡን ይሠራዋል። እህቱ የምትተካ ከሆነች እሱም ይተካል።

"እኛስ ያደግነው እንዲሁ አይደል?" የሚለው መልስ ይመጣል። አይደለም። ያኔ አንድ ክፍል ቤት ውስጥ ከአስከሬን የሚሸሸግ ልጅ አልነበረም፤ ሲገነዝ ያያል፣ ሲወጣ ይከተላል፣ የጎረቤቱም ልጅ ያንኑ አይቷል። እ.ኤ.አ. በ2000 የተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በኢትዮጵያ ከ1000 ሕፃናት 166ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው እንደሚሞቱ አሳይቶ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2016 ቁጥሩ ወደ 67 ወርዷል። እሰየው የሚያሰኝ ነው። እህት የሞተችበት ልጅ ግን ዛሬ በክፍሉ ውስጥ እንደ ድሮው ቢጤ አያገኝም፤ ጎረቤት ቤት ቴሌቪዥን ፊት መቀመጡም ከአያት የወረስነው ወግ አይደለም። ሙሾውና ደረት መምታቱ ያስደነግጠዋል የሚለው ስጋት እውነት አለበት። ነገር ግን ከግድግዳ ማዶ የሚሰማና ማንም የማያስረዳው ጩኸት፣ አክስቱ ጭን ላይ ተቀምጦ "እማዬ የምትጮኸው እህትህ ስለሞተች ነው፤ ሲደክማት ታርፋለች" እየተባለ ከሚያየው ጩኸት የባሰ ያስፈራል።

የሚገርመው ደግሞ፣ ከባድ ወሬ እንዴት እንደሚነገር ከእኛ የተሻለ የሚያውቅ መኖሩን እጠራጠራለሁ። መርዶ እንደ ነገሩ አይነገርም። የሚናገረው ሰው ይመረጣል፣ ሰዓቱ ይመረጣል፣ ማለዳ ዘመድ ወዳጅ ተሰብስቦ ይኬዳል፣ የሚወድቀውን የሚይዝ ክንድ አጠገቡ ይቆማል። ይህ ጥበብ ለልጁ ሲሆን ለምን ይታጠፋል? መርዶ ሲደበቅ ምን እንደሚያደርግ የሚያውቅ አዋቂም ሞልቷል። ዓረብ አገር ወይም አሜሪካ ላሉ ዘመዶች "ብቻዋን ናት፣ እንዴት ትችለዋለች" እየተባለ የወንድም ሞት ለወራት ይሸሸጋል። ኋላ የሰሙት ከሞቱ ሌላ የሚያማቸው ነገር አላቸው፤ በየሳምንቱ ስልክ ሲደወል "ሁሉም ደኅና ነው" ሲላቸው የነበረው ሰው ሁሉ ያውቅ ነበር። ልጁም እንደዚያው የሚሰማው ቀን ይመጣል፤ ብዙ ጊዜም የሚሰማው ከክፍል ጓደኛው አፍ ነው።

እናት በዚያ ሰዓት እንዴት ትንገረው ለሚል፣ እሷ ትንገረው አላልኩም። አክስት አለች፣ አጎት አለ፣ ጎረቤቷም ልጁን ከምታሸሽ ዳቦውን ይዛ እዚያው ድንኳኑ ጥግ አብራው ልትቀመጥ ትችላለች። የሚነገረው ብዙ አይደለም፦ እህትህ ሞታለች፤ ሞተች ማለት ከእንግዲህ አትተነፍስም፣ አያማትም፣ አትመለስም፤ የገደላት በሽታው ነው፣ አንተ ያልከው ወይም ያደረግከው ነገር አይደለም፤ ማልቀስ ትችላለህ። ምናልባት ልጁ ትንሽ ዝም ብሎ "ብስክሌቷ የኔ ይሆናል?" ይል ይሆናል። እዚያ ላይ ነው አብዛኛው አዋቂ የሚቆጣው። ስለ ብስክሌቱም ይመለስለት።