የከያኒ ታሪክ በወሬ አይጻፍም

በሐረር ጀጎል ውስጥ «የራምቦ ቤት» የሚባለው ባለ ፎቅ የእንጨት ቤት ጎብኚውን ሁሉ ይስባል። ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርተር ራምቦ በሐረር መኖሩና መነገዱ እርግጥ ነው። ይሁን እንጂ ሰውየው በማርሴይ የሞተው እ.ኤ.አ. በ1891 ሲሆን፣ ቤቱን አንድ ሕንዳዊ ነጋዴ ያሠራው ከዚያ በኋላ ነው። በውስጡ የተሰቀሉት የጥንቷ ሐረር ፎቶግራፎች ታላቅ ሀብት ናቸው፤ ቤቱ በታደሰ ቁጥር ግን የስሙም ስሕተት አብሮ ይታደሳል።

የቤት ስም ቢሳሳት ጉዳቱ ቀላል ነው ይባል ይሆናል። የአንድ የሙዚቃ ደራሲ ሕይወት በስሕተት ሲጻፍ ግን ድርሰቱም አብሮ ይጣመማል። ለዚህም የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ታሪክ በቂ ምስክር ነው።

እማሆይ በአዲስ አበባ የተወለዱት ታኅሣሥ 2 ቀን 1916 ዓ.ም. ነው፤ በአውሮፓ አቆጣጠር 1923 መሆኑ ነው። ከ1923 ላይ በልማድ ስምንት ቀንሶ 1915 የሚል ጸሐፊ፣ ከመስከረም መባቻ እስከ አውሮፓ አዲስ ዓመት ልዩነቱ ሰባት መሆኑን ዘንግቷል። በዚህ ስሌት መጋቢት 17 ቀን 2015 ዓ.ም. በኢየሩሳሌም ያረፉት የ99 ዓመት እናት ባለ መቶ ይሆናሉ።

ይህስ ጥቃቅኑ ነው። ከባዱ «የጃዝ መነኵሲት» የሚለው ቅጽል ነው። የፒያኖ ሥራዎቻቸው እ.ኤ.አ. በ2006 «ኢትዮፒክስ» በተሰኘው ተከታታይ ቅጂ 21ኛ ሆነው ወጡ። ተከታታዩ በአብዛኛው የአዲስ አበባን ዘፈንና ጃዝ የያዘ ስለ ነበር፣ አድማጩ ጎረቤቱን አይቶ ፈረደ። በልጅነታቸው በስዊዘርላንድ ቫዮሊን መማራቸው፣ በካይሮ ከፖላንዳዊው ከአሌክሳንደር ኮንቶሮቪች ዘንድ መሠልጠናቸው፣ በግሸን ማርያም መመንኰሳቸው ሁሉ ለዚህ ዳኛ ከቁም ነገር አልተቈጠረም።

«በመንፈስ የመጣላቸውን የሚጫወቱ ነበሩ» የሚለው ምስጋና መሳይ ቃል ደግሞ ከሁሉ የከፋ ነው። በቅጽበት መፍጠር ነውር አይደለም፤ ባክና ሞዛርትም ያደርጉት ነበር። ነገር ግን እማሆይ የደረሱትን በኖታ የሚጽፉ ሴት ነበሩ። ባክን ደራሲ፣ ኢትዮጵያዊቷን መነኵሲት ግን ባለ ስሜት ብቻ የሚያደርግ ሚዛን ከየት የመጣ ነው? የእጅ ጽሑፎቻቸውስ እ.ኤ.አ. በ2013 በኢየሩሳሌም በመጽሐፍ ታትመዋል። ታሪካቸውን የሚጽፍ ሁሉ ከሸክላው ልባስ ላይ ከመገልበጡ በፊት ያንን መጽሐፍ ይዘርጋ፤ ኖታ ማንበብ ካልቻለም የሚያነብለት ይጥራ።