ጥቀርሻና ፊልትሮ

በጎጃም ደጋ፣ ከምድጃ በላይ ያለውን የጎጆ ሣር ቀና ብሎ ያየ ሁሉ ጥቀርሻን ያውቃል። የዓመታት ጭስ የጻፈው መዝገብ ነው። ጣሪያው ያስቀረው ይታያል፤ የእናቶች ሳንባ ያስቀረው ግን አይታይም። ደብረ ማርቆስ ደግሞ በዚህ ላይ የከተማ ጭስ ጨምራለች፤ የዓባይን በረሃ አቋርጦ ወደ ባሕር ዳር የሚዘልቀው አውራ ጎዳና ናፍጣውን በመካከሏ እያጨሰ ያልፋል።

መድኃኒቱ ማጣሪያ ነው የሚሉ አሉ። ይሁን፤ ነገር ግን በስንተኛው ወሩ የተፈተነ ማጣሪያ? ተራው የወረቀት ማጣሪያ አቧራ በያዘ ቁጥር ቀዳዳው ስለሚጠብ ብናኙን ይበልጥ አጥብቆ ይይዛል፤ ዋጋው የአየሩ መታፈን ነው። በኤሌክትሪክ ሙል ብናኝ የሚስበው ሰው ሠራሽ ክር ግን በተቃራኒው ነው። የናፍጣ ጥቀርሻ ኃይሉን ቀስ በቀስ ይገፍፈዋል፤ መልኩ ገና ንጹሕ ሳለ ደቃቁን ብናኝ ማሳለፍ ይጀምራል። እንግዲህ ዓይን ዳኛ ሊሆን አይችልም። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው አይ.ኤስ.ኦ 16890 የተሰኘው መመዘኛም ማጣሪያው ይህ ኃይሉ ከተገፈፈ በኋላ ጭምር እንዲፈተን የሚያዝዘው ስለዚህ ነው።

በእኛ ዘንድ ፈተናው የሚካሄደው ጎሚስታ ቤት ነው። ሾፌሩ ፊልትሮውን ጎማ ላይ መታ መታ ያደርገዋል፣ በኮምፕረሰር ያስነፋዋል፤ ነጣ ካለ «ገና ይሠራል» ይባላል። ወረቀቱ ተቀድዶ እንደ ሆነ ማን አየ? (ያም ፊልትሮ ቢሆን የተሠራው ለሞተሩ ጤና እንጂ ለእግረኛው አይደለም፤ ሲታፈን እንዲያውም ናፍጣው አየር አጥሮት የባሰ ጥቁር ጭስ ይተፋል።)

በአዲስ አበባ የአሜሪካ ኤምባሲ እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ የደቃቅ ብናኝን መጠን ለሕዝብ ያሳውቅ ነበር፤ በ2025 አቆመ። በሰው ቸርነት የቆመ ሚዛን ሰው ሲፈልግ ይነሣል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 የዓመቱን አማካይ በሜትር ኩብ ከ5 ማይክሮግራም እንዳይበልጥ ሲመክር፣ እኛ ቁጥራችንን ከራሳችን ልንሰማ ይገባናል።

የደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ይህን ቢጀምር ደስ ባለኝ። አንድ ማጣሪያ በእንጀራ መጋገሪያ ቤት፣ አንድ በመናኸሪያው አጠገብ ይሰቀል፤ ትንሽ ፓምፕ አየሩን ይሳብበት፤ ከኋላው እጅግ ደቃቅ የሆነ ሁለተኛ ማጣሪያ ይኑር፣ ያመለጠውን እርሱ ይናገራልና። ሁለቱም በየወሩ ይመዘኑ፣ ከጥቅምት እስከ መስከረም። በክረምት ግን ወረቀቱ እርጥበት ስለሚጠጣ፣ ሚዛን ላይ ከመውጣቱ በፊት በደንብ ይድረቅ።