ዳንቴል የለበሰው ኮምፒዩተር

በክረምቱ ዕረፍት ወደ አቀስታ የተመለስን ተማሪዎች ለቡና በተጠራንበት ቤት ሁሉ ለማለት ይቻላል አንድ ነገር አየን። ከቡፌው አጠገብ ዳንቴል ለብሶ፣ የፕላስቲክ አበባ ተሸክሞ የሚኖር አሮጌ ኮምፒዩተር አለ። ለምን እንደማይሠራ ብንጠይቅ የቤቱ እመቤት «ልጆቼ፣ ጊዜው አልፎበታል፤ ወንድማችሁ አዲስ ካልተገዛልኝ ብሏል» አሉን። አዲሱ በምን ይገዛል? በበግ ነዋ! የበልጉ ዝናብ በቀረ ዓመት ቤተሰቡን ከችግር የሚያወጣው ያው በግ መሆኑን ግን ወንድማችን አላሰበበትም።

የእኛ ሐሳብ አጭር ነው፤ ይኸውም በጉ ከመሸጡ በፊት ዳንቴሉ ይገለጥ የሚል ነው። ማመልከቻ ለመጻፍ፣ የቅሬና የዕቁብ ሒሳብ ለመያዝ፣ ታናናሾቻችንን በአማርኛ መተየብ ለማስተማር የሃያ ዓመት ኮምፒዩተር ይበቃል። ለዚህ ሥራ ኢንተርኔት እንኳ አያስፈልግም።

«ሞተ» የሚባለው ኮምፒዩተር ብዙ ጊዜ ሕመሙ ቀላል ነው። ሲከፈት ቀኑን ብዙ ዓመት ወደ ኋላ ካሳየ ሳንቲም የምታህለው የሰዓቱ ባትሪ አልቃለች ማለት ነው። ቀኑ ከተሳሳተ ደግሞ ብዙ ድረ ገጾች አይከፈቱም። መድኃኒቱ ባትሪዋን መለወጥ ነው። ከተንቀራፈፈ አቧራውን ማራገፍ፣ የሚቀበል ከሆነም ራም መጨመርና ዲስኩን በኤስኤስዲ መተካት ነው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ሲያቆም፣ ለዊንዶውስ 11 አይመጥንም የተባለ ብዙ ደኅና ላፕቶፕ ነበር። በነጻ የሚገኘው ሊኑክስ ግን እንዲህ ያለውን ዕቃ አይንቅም።

አማርኛውስ? የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ የአማርኛ ሶፍትዌር ፊደሉን በየራሱ መንገድ ያስቀምጥ ስለ ነበር፣ በአንዱ የተጻፈው በሌላው ሲከፈት የምልክት ክምር ይሆን ነበር። ዛሬ በአሮጌው ኮምፒዩተር በዩኒኮድ የጻፍነው ደብዳቤ በአዲሱም ይነበባል።

«መብራት ይጠፋል» የሚሉን አሉ። እውነታቸውን ነው። ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጠው ኮምፒዩተር ባትሪ ስለሌለው መብራቱ ሲሄድ ያልተቀመጠው ጽሑፍ አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ በየአንቀጹ ሴቭ ማድረግን መልመድ ነው። ድጋፉ በተቋረጠ ሲስተም የባንክ ሒሳብ መክፈትንም አንመክርም። ነገር ግን በቅሎ ባሕር አያሻግርም ተብሎ ከጭነት አይፈታም።

እኛ የአርትስ ፋኩልቲ ተማሪዎች ይህን የኢንጂነሪንግ ጉዳይ ነው ብለን ልንሸሽ እንወድ ይሆናል። ብሎን መፍታትና ባትሪ መለወጥ ግን ዲግሪ አይጠይቅም። አባቶቻችን በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል ይላሉ። ወንድሞችና እኅቶች! በመጪው ዕረፍት አገር ቤት ስንገባ አዲስ ይገዛልን ከማለታችን በፊት ያለውን እንክፈት። አበባው ሌላ ቦታ ይፈለግለት፤ በጉም ለክፉ ቀን ይቆይ።