ከወዳጅ ጋራ ለገና ጨዋታ ወደ ወልድያ ስለ መሄድ

በባሕር ማዶ የሚኖሩ ዘመዶቻችን በብርዱ ወራት ሳምንቱ ባለቀ ጊዜ ከባልንጀሮቻቸው ጋራ ሆነው ቅዳሜንና እሑድን ወደ ሌላ ከተማ ይሄዳሉ፤ በዚያም የበረዶ ላይ ሆኪ የሚባለውን ጨዋታ አይተው ይመለሳሉ። ይህ ጨዋታ በካናዳ አገር በሞንትሪያል ከተማ በ1867 ዓ.ም. በአዳራሽ ውስጥ በሥርዓት ተደረገ፤ በ1912 ዓ.ም. ደግሞ በቤልጅግ አገር በአንትወርፕ ወደ ኦሎምፒክ ውድድር ገባ። ተጫዋቾቹ በአንድ ወገን ስድስት ሆነው፥ ከሥሩ ስለት ያለው ጫማ ተጫምተው፥ ጫፉ በጎበጠ ዱላ ጠፍጣፋ የጎማ ክብ እየመቱ ይሻማሉ። ነገሩን የሰማ የወሎ ሰው ግን «ይህስ የእኛው ገና ነው፤ ሜዳው ቀዘቀዘ እንጂ» ቢል አይፈረድበትም።

ገና የበዓሉም የጨዋታውም ስም ነው። ለዱላው ጫፉ በተፈጥሮው ቆልመም ያለ እንጨት ይመረጣል፤ ያልተገኘ እንደ ሆነ እርጥቡን በእሳት አሙቆ መቆልመም ነው። የምትመታዋ ድቡልቡል ሩር ትባላለች፤ ጥንግ የሚሏትም አሉ። አባቶች እንደሚተርኩት እረኞች የጌታን መወለድ በሰሙ ጊዜ ከደስታቸው ብዛት በበትራቸው ተጫወቱ፤ ልማዱም ከዚያ መጣ። በቀድሞው ሥርዓት የተጫዋቹ ቍጥር አይወሰንም፤ ሰፈር ከሰፈር ይገጥማል፥ ሩሯን በተቃራኒው ዳርቻ ያሳለፈ ያሸንፋል። ዛሬ በባህል ስፖርቶች ፌዴሬሽን በሚደረገው ውድድር ቍጥርም ዳኛም ተደንግጎለታል፤ እኔ ግን ያልተቈጠረውን እመርጣለሁ።

እንግዲህ ከደሴ በኩል ለመሄድ ያሰቡ ወዳጆች ሐይቅን፥ የ1881 ዓ.ም. ውል የተፈረመበትን ውጫሌን፥ ውርጌሳንም አልፈው ወደ ሐብሩ ይወርዳሉ። መርሳ ላይ ወርዶ እግርን ማፍታታትና ፍራፍሬ መግዛት ይገባል፤ ባዶ እጁን ዘመድ ቤት የሚገባ እንግዳ አያምርምና። ከመርሳ ስሪንቃን አልፎ እስከ ወልድያ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ይህ አገር በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. በጦርነት ብዙ መከራ አይቷል፤ ከዚያም ወዲህ መንገዱ የታወከበት ጊዜ አለና፥ ከመነሣት አስቀድሞ በዚያ ላለ ዘመድ ስልክ ደውሎ መጠየቅ ከቤተ ሰብ አባት ይጠበቃል።

ወልድያ ከ25 ሺህ ሰው በላይ እንዲይዝ የተሠራ፥ በጥር ወር 2009 ዓ.ም. ተመርቆ በሼህ መሐመድ ሁሴን አሊ አል አሙዲ ስም የተሰየመ ስታዲየም አላት። እዚያ ለእግር ኳስ የሚገባ ሰው ሥራው በወንበሩ ላይ ተቀምጦ ማየት ነው። የገናው ነገር ሌላ ነው። ለገና ወንበር ይዞ የመጣ ሰው ጨዋታውን ያበላሸዋል።

ምክንያቱም በዚህ ቀን ጌታና ሎሌ አይለይም፥ ጌታም አይቈጣም ተብሎ ከጥንት ተደንግጓል። የታዘዘው አዛዡን ቢያሸንፈው፥ በግጥምም ቢቀልድበት፥ ነገ በቢሮ አይታሰብበትም። እኔ የችሎት ጸሓፊ ነኝና ይህን ነገር በሥራዬ ዓይን አየዋለሁ። ስለ አንዲት የስድብ ቃል ስንት ወረቀት እንደሚጻፍ፥ ጎረቤትም ከጎረቤቱ ስንት ቀጠሮ እንደሚመላለስ የሚያውቀው መዝገቡን የሚጽፈው ነው። በገና ዕለት ግን ቅልጥሙ ያበጠ ሰው እያነከሰና እየሳቀ ቤቱ ይገባል፤ ከሳሽም ተከሳሽም የለም። እርግጥ ጨዋታው ካበቃ በኋላ ቂም ተይዞ የተሰነዘረ ዱላ ጨዋታ አይባልም፤ እርሱስ ወደ እኛ ይመጣል።

አሁን አሁን ግን ሹም ወደ ሜዳው ሲመጣ ድንኳን ተተክሎ፥ ምንጣፍ ተነጥፎ ይቆየዋል። ያን ጊዜ ጎረምሶቹ አፋቸውን ይይዛሉ፥ ጨዋታውም ሰልፍ ይመስላል። ክቡራን አንባቢዎቼ ሆይ፥ ካፖርታችሁን ለእመቤቶቻችሁ አስይዛችሁ ለጥቂት ጊዜም ቢሆን ዱላ ጨብጡ። አባቱ በገዛ ዘበኛው ተበልጦ ሲስቅ ያየ ልጅ፥ በሌላ ቀን በቃል ብንነግረው የማይገባውን ነገር ይማራል። በወሎ ደግሞ ለሙስሊሙ ጎረቤት ልጅ ወገኑን የሚመርጥለት ሰፈሩ ነው እንጂ ሃይማኖቱ አይደለም፤ ከመርሳና ከሐብሩ አብረዋችሁ የሚመጡ ወዳጆችም እንደዚሁ ናቸው።

የበረዶ ላይ ተጫዋቾች ራሳቸውንም ቅልጥማቸውንም የሚሸፍኑበት መከላከያ አላቸው፤ የእኛዎቹ የላቸውም። ሩር ከፍ ብላ ስትበር ዓይን ልታጠፋ ትችላለችና ሕፃናትን ከሜዳው ዳር ራቅ አድርጎ ማቆም፥ ለእነርሱም ለብቻቸው አጭር ዱላና የጨርቅ ኳስ ማዘጋጀት ይገባል። ጠዋቱ ይበርዳል፤ ጋቢ አይረሳ። በዓሉ ታኅሣሥ 29 ቀን ነው፤ በዘመነ ዮሐንስ ግን 28 ይውላልና፥ ለአለቃችሁ የፈቃድ ወረቀት ከመጻፋችሁ በፊት ቀኑን አጣሩ።