ትንፋሽ ማጠር የኢማን ድክመት አይደለም



ባለፈው ሴሚስተር አንዲት እህታችን ከጀመዓው እየራቀች መጣች። መጀመሪያ ከሱብሒ ሶላት ጠፋች፤ ቀጥሎ ከሳምንታዊው ደርስ ቀረች። እኛም ለመፍረድ ፈጠንን። አንዳንዶቻችን «ኢማኗ ቀዝቅዟል» አልን። ሌሎቻችን ሲሕር ወይም ዓይን ነው ብለን ሩቅያ ብቻ መከርናት። ደረጃ ስትወጣ መሃል ላይ ቆማ እንደምታርፍ፣ በቀዝቃዛ ውሃ ውዱእ ስታደርግ ጣቶቿ ነጭ ሆነው እንደሚደነዝዙ የሚያውቁት የዶርም ጓደኞቿ ብቻ ነበሩ። ዘግይታ ስትመረመር ስክሌሮደርማ እንዳለባትና በሽታው የሳንባዋን የደም ቧንቧዎች እንደነካ ተነገራት።

ስክሌሮደርማም ሆነ ሉፐስ የሰውነት በሽታ መከላከያ በገዛ አካሉ ላይ ሲነሳ የሚመጡ ሕመሞች ናቸው። አብዛኞቹ ታማሚዎች ሴቶች ሲሆኑ፣ ሉፐስ ብዙ ጊዜ በእኛ ዕድሜ ይጀምራል። በአንዳንዶቹ ላይ ከልብ ወደ ሳንባ ደም የሚወስዱት ቧንቧዎች ግድግዳቸው ወፍሮ ይጠብባሉ። የልብ ቀኝ ክፍልም ደሙን ለመግፋት ሲታገል ይዳከማል። ትንፋሽ ማጠር፣ ድካም፣ የእግር እብጠት፣ አንዳንዴም ራስን መሳት ይከተላል።

ይህ ግፊት ክንድ ላይ በሚለካው የደም ግፊት አይታይም። ስለዚህ «ግፊትሽ ደህና ነው» ተብላ ከክሊኒክ የተመለሰች እህት በርግጥ ደህና ናት ማለት አይደለም። ጥርጣሬው በልብ አልትራሳውንድ (ኢኮ) ይታያል፤ የሚረጋገጠው ግን ቀጭን ቱቦ በደም ሥር ወደ ልብ አስገብቶ ግፊቱን በመለካት ነው።

በሽታውን ፈጽሞ ባያጠፋውም ሕክምና አለው። ሲልዴናፊልና ቦሴንታን የጠበበውን ቧንቧ ያላላሉ። በሉፐስ ለመጣው፣ መከላከያውን የሚያበርዱ መድኃኒቶችም ግፊቱን ሊቀንሱት ይችላሉ፤ በስክሌሮደርማ ለመጣው ግን ይህ መንገድ እምብዛም አይረዳም። ሲልዴናፊል ብዙ ሰው ቫያግራ ብሎ የሚያውቀው መድኃኒት ነው። በጓደኛው ሻንጣ ያየው ሰው በወንድሙ ወይም በእህቱ ላይ ክፉ አይጠርጥር።

ሩቅያን አንቃወምም፤ ዱዓም መሣሪያችን ነው። ነገር ግን ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) መታከምን አዘውናል። ሰበብ ማድረስ ተወኩልን አያፈርስም። ዲናችን ያገራውን በታማሚ ላይ ማክበድም የእኛ ሥልጣን አይደለም። መቆም ያቃተው ተቀምጦ ይሰግዳል። ቀዝቃዛ ውሃ የሚጎዳው ውሃውን ያሞቃል፤ ካልቻለ ተየሙም አለለት። በረመዳንም መድኃኒቱን በገዛ ፈቃዱ አያቋርጥ፤ ድንገት ማቋረጥ አደገኛ ነውና አስቀድሞ ሐኪሙን ያማክር። አል-በቀራ 185 ለታማሚ የሰጠውን ፈቃድ «ትንሽ ታገሺ» እያልን አንንጠቅ።

ጀመዓችን ከሰደቃ ሳጥኑ ለኢኮ ምርመራና ለመድኃኒት የሚሆን ድርሻ እንዲለይ እንጠይቃለን። ከሁሉ በፊት ግን ከሶፍ የጠፋ ሰው ሲኖር በሩን እናንኳኳ። «ለምን ቀረሽ?» ከማለታችን በፊት «ምን ያምሻል?» እንበል። ያቺ እህታችን ይህን ጥያቄ ከእኛ ሳትሰማ ወራት አልፈዋል።

አላህ ለታማሚዎቻችን ሺፋውን፣ ለእኛም መልካም ጥርጣሬን ይስጠን። አሚን።