ሠራተኛችንን ስንሸኝ



በቅርቡ በአጥቢያችን በሽምግልና የሚያገለግሉ አንድ ወንድም ወደ ቢሮአችን መጡ። አነስተኛ የዲዛይን ስቱዲዮ አላቸው። የሰርግ ካርድ፣ የመጽሐፍ ሽፋን፣ ሎጎ፣ የኮንፈረንስ ባነር ይሠራሉ። የቤተ ክርስቲያናችን ካላንደርም በየዓመቱ የሚዘጋጀው እርሳቸው ጋ ነው። በዚያ ቀን ግን የመጡት ለሌላ ጉዳይ ነበር። ዘጠኝ ዓመት አብራቸው የሠራችው ዲዛይነር መልቀቂያ አስገብታለች። «ፓስተር፣ ስትመጣ ማውዝ መያዝ እንኳ አታውቅም ነበር። ያስተማርኳት እኔ ነኝ። አሁን ደንበኞቼን ይዛብኝ ልትሄድ ነው» አሉን። የሥራ ልምድ ደብዳቤዋ ተጽፎ አልቋል፤ እርሳቸው ግን ሳይፈርሙበት መሳቢያ ውስጥ አስቀምጠውታል።

እህታችንን እናውቃታለን። ባነር ከመታተሙ በፊት መጽሐፍ ቅዱስ ገልጣ ጥቅሱን የምታመሳክር ልጅ ናት። አንድ ጊዜ እኛው ራሳችን የምዕራፉን ቁጥር ተሳስተን ልከንላት፣ ማታ ደውላ «ፓስተር ይቅርታ፣ ይሄ ቃል እዚህ ቦታ ላይ የለም» ብላ በጉባኤ ፊት ከማፈር አድናናለች። ስለዚህ ወንድማችንን «ደንበኛ ይዛ እንደምትሄድ በምን አወቁ?» ብለን ጠየቅናቸው። ጥቂት ዝም አሉና «አላወቅሁም፤ ፈርቼ ነው» አሉ።

ልንመክራቸው አፋችንን ስንከፍት ግን የራሳችን ነገር ትዝ አለን። ከጥቂት ዓመታት በፊት በአምልኮ ያገለግል የነበረ አንድ ወጣት ትዳር መሥርቶ ሰፈር ሲቀይር፣ ወደ ሌላ አጥቢያ ለመሄድ የመሸኛ ደብዳቤ ጠይቆን ነበር። እኛም «የጌታን ፈቃድ ጠይቀሃል ወይ?» እያልን ደብዳቤውን ሁለት ወር አቆየንበት። ያስጨነቀን የእሑድ ፕሮግራማችን ነበር፤ ስሙን ግን የጌታ ፈቃድ አልነው። የእኛም መሳቢያ ያልተፈረመ ደብዳቤ ነበረው።

እኛ ኢትዮጵያውያን እንግዳ መሸኘት እናውቃለን። እስከ ደጅ፣ አንዳንዴም እስከ ታክሲው ድረስ እንሄዳለን። ዓመታት አብሮን የሠራ ሰው ሲለቀን ግን ርክክብ አስፈርመን፣ ቁልፍ ተቀብለን፣ ከኋላው እናማዋለን። ይህ በአማኞች መሥሪያ ቤትም፣ በቤተ ክርስቲያንም ይታያል። ጉዳዩ የወግ ብቻ አይመስለንም። ሰውን የምንሸኝበት መንገድ፣ አብሮን በነበረበት ጊዜ የማን ነው ብለን እንደያዝነው ይገልጣል።

የሐዋርያት ሥራ 13ን እንመልከት። በአንጾኪያ ቤተ ክርስቲያን የአምስት ነቢያትና መምህራን ስም ተዘርዝሯል። መጀመሪያ የተጠቀሰው በርናባስ ነው፤ መጨረሻ ላይ ሳውል። መንፈስ ቅዱስ የጠየቀው እነዚህን ሁለቱን ነው። ቤተ ክርስቲያኒቱ «ሌሎቹን ውሰድ» አላለችም። ጾማ፣ ጸልያ፣ እጅ ጭና አሰናበተቻቸው። አንጾኪያ ሁለቱን ይዛ ቢሆን ኖሮ ወንጌል ወደ ብዙ አገር የሄደበትን ያን ጉዞ ትዘጋ ነበር።

ላባን ደግሞ እናስታውስ። ያዕቆብ ሃያ ዓመት አገለገለው፤ ደመወዙንም አሥር ጊዜ ለወጠበት። ያዕቆብ ተደብቆ ሲሄድ ግን ላባ ተከትሎ ደርሶ፣ ብትነግረኝ ኖሮ በዘፈንና በከበሮ እሸኝህ ነበር የሚል ቃል ተናገረ (ዘፍጥረት 31)። ያዕቆብ ለምን አልነገረውም? ስለ ፈራ ነው። ሽኝት የሚጀምረው በመጨረሻው ቀን አይደለም፤ በየወሩ ደመወዝ በምንከፍልበት ቀን ነው። ሠራተኛ «ልለቅ ነው» ለማለት የሚፈራበት ቤት፣ የመጨረሻው ቀን ኬክ አያድነውም።

ወንድማችን «ያስተማርኳት እኔ ነኝ» ማለታቸው እውነት ነው። ዘጸአት 35 ግን ስለ ባስልኤል ሲናገር፣ ንድፍ የማውጣቱን ጥበብ የሰጠው እግዚአብሔር እንደ ሆነ ይነግረናል። በዚያው ምዕራፍ፣ እርሱና ኤልያብ ሌሎችን እንዲያስተምሩ በልባቸው ያኖረውም እግዚአብሔር ነው ይላል። የእህታችን እጅ የጌታ ስጦታ ከሆነ፣ የወንድማችን አስተማሪነትም የጌታ ስጦታ ነው። ታዲያ በነጻ የተቀበልነውን ሰጥተን ሰውን ባለዕዳ ማድረግ እንዴት ይሆናል?

ዘዳግም 15 ስድስት ዓመት ያገለገለ ባሪያ በሰባተኛው ዓመት ነጻ ሲወጣ፣ ጌታው ከበጎቹ፣ ከአውድማውና ከወይን መጥመቂያው እንዲሰጠው ያዝዛል። ምክንያቱንም ይሰጣል፦ እናንተም በግብፅ ባሪያዎች ነበራችሁ። ለባሪያ እንዲህ ከታዘዘ፣ በፈቃዷ መጥታ ዘጠኝ ዓመት ላብዋን ላፈሰሰች እህት ምን ያህል ይበልጥ!

የአገራችንም ሕግ ዝም አላለም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪ ለሚለቅ ሠራተኛ የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመኑንና ደመወዙን የሚገልጽ ማስረጃ ያለ ክፍያ እንዲሰጥ ያስገድዳል። ስለዚህ ያን ደብዳቤ መፈረም ቸርነት አይደለም፤ ግዴታ ነው። የክርስቲያን ቸርነት የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው።

ለምትለቁም ቃል አለን። ይኸው አዋጅ ሠራተኛ በራሱ ፈቃድ ሲለቅ የሠላሳ ቀን ማስጠንቀቂያ እንዲሰጥ ይጠይቃል። ፋይሉን በሥርዓት አስረክቡ፤ የይለፍ ቃል አትደብቁ፤ የአሠሪያችሁን የደንበኛ ዝርዝር ገልብጣችሁ አትውጡ። ጳውሎስ በሚሊጢን የኤፌሶንን ሽማግሌዎች ሲሰናበት፣ የማንንም ብር፣ ወርቅም ሆነ ልብስ እንዳልተመኘ በፊታቸው መናገር ችሏል (የሐዋርያት ሥራ 20)። ሽማግሌዎቹም አንገቱን አቅፈው አለቀሱ፤ እስከ መርከቡም ሸኙት። ንጹሕ እጅ ይዞ የሚሄድ ሰው፣ ቢለቀስለትም አይታማም።

ጌታን ገና ያላወቃችሁ ወዳጆች፣ ይህን ካነበባችሁ አንድ ነገር ልብ በሉ። በሉቃስ 15 ያለው አባት ልጁ ልሂድ ሲለው ድርሻውን ሰጥቶ ለቀቀው፤ ሲመለስ ደግሞ ገና ሩቅ ሳለ ሮጦ አቀፈው። እግዚአብሔር በግድ አይዝም፤ በሩን ግን አይዘጋም።

ወንድማችን ደብዳቤውን ፈረሙ። በመጨረሻዋ ዓርብ በስቱዲዮው ቡና ተፈላ፤ እኛም ተጠርተን ጸለይን። እህታችን የዘጠኝ ዓመት ሥራዋን በየደንበኛው ስም አደራጅታ አስረከበች። እርሳቸውም ትስልበት የነበረውን ታብሌት ሰጧት። «ጋሼ፣ ይሄማ የቢሮው ነው» ስትላቸው፣ «ልጄ፣ በእሱ ላይ ማን ይሠራበታል?» አሏት፤ ድምፃቸውም ተቆረጠ።

ሁለት ደንበኞች በኋላ ራሳቸው ፈልገዋት ሄደዋል። ወንድማችን ይህን ሲነግሩን አልሳቁም፤ ጎድቷቸዋል። ነገር ግን «ደብዳቤውን በመፈረሜ አልጸጸትም» አሉን።

እኛም ስልክ አንሥተን ለዚያ ወጣት ደወልንለትና ይቅርታ ጠየቅነው። እናንተስ፣ ወገኖች፣ በመሳቢያችሁ ያልተፈረመ ደብዳቤ አለ? ዛሬ ፈርሙት።

ጌታ ይባርካችሁ።